እጃችን ይዘጋዋል

ሰኞ 3

እጩ ሆኛለሁ። ማኅበራችን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ለከተማው ምክር ቤት እንድወዳደር በሙሉ ድምፅ መረጠኝ። ስሜ ሲጠራ ረጅም ቀሚሴን አስተካክዬ ተነሳሁ።

ቤት ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። ባሌ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሱቁን ዘግቶም ሥራውን በኪሱ ይዞ ይገባል። ዓይኑን ከአጉሊ መነጽሩ ሳያነሳ፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ክብርት ልበልሽ?» አለኝ።

«ቀልድህን ተው፣ የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ክብርት ሆይ፣ ራቱን ማን ይሥራ?»

ራቱን እሱ ሠራ። ስንበላ ግን ቀልዱን አልቀጠለም። ጠባዩን ስለማውቀው አልጠየቅኩትም።

ይህን ደብተር የጀመርኩት በምክትሌ ምክር ነው። በማኅበሩ ምክትሌ የሆነው ወጣት ጠበቃ ነው፤ ምላሱ የተሳለ፣ እግሩ የማያርፍ። «እናታችን፣ የዛሬው ትግልዎ ነገ ታሪክ ነው፤ ማታ ማታ ጻፍ ጻፍ ያድርጉት» አለኝ።

ታሪክ ከተባለ እንግዲህ መነሻው ይኼ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ርዕሰ መምህር ነበርኩ። ከቢሮዬ መስኮት ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ቁማር ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ተሰልፈው የማያቸው ተማሪዎች ከምሳ በኋላ መጉደል ጀመሩ። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ሸጦ ጨርሶ፣ እንዳይታወቅበት ቦርሳውን በጋዜጣ ሞልቶ ይመጣ ነበር። ያን ቦርሳ የከፈትኩ ቀን ነው ፖለቲከኛ የሆንኩት። እግዚአብሔር አደራ የሰጠንን ልጆች ሰው ሲነጥቀን ቆሞ ማየት ክርስትና አይደለም ብዬ ተነሳሁ። ማኅበሩን አቋቋምኩ። ቁማር ቤቶች ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይነሱ የሚል ሕግ እንዲወጣ ሃያ ዓመት ደጅ ጠናሁ። የዛሬ ባለሥልጣን «እናየዋለን» ይላል፣ የነገው «አላየሁትም» ይላል። አሁን ወንበሩ ላይ ራሴ ተቀምጬ አወጣዋለሁ። እሱ ይርዳኝ።

ረቡዕ 5

ቀኑን ሙሉ ቤት ለቤት። እግሬ አብጧል። አንዷ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው፣ አንዷ አቅፋ ሳመችኝ። ምክትሌ፣ «ሁለቱም ድምፅ ናቸው፤ በር የዘጋችብን ሴት ባሏ እሷን ለማናደድ ሲል እኛን ይመርጣል» አለ። ሳቅሁ። ልጄ ለራት ጠርታኝ ነበር፤ ረሳሁት። ነገ እደውልላታለሁ።

ዓርብ 7

ዛሬ ቁማር ቤቱ በር ላይ ቆመን ስንቀሰቅስ ዋልን። ዘበኛው አላባረረንም። ረዘም ያለ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ «እንደምን ዋሉ እትዬ» ብሎ ከወንበሩ ተነሳልኝ። ሁለት ተማሪዎች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ሊገቡ ሲሉ በዱላው መንገዱን ዘጋባቸው። «ወደ ትምህርታችሁ! አሁን አባታችሁ ቢያያችሁ ምን ይላል?» ባለቤቱ ከውስጥ ወጥቶ በሰው ፊት አዋረደው፤ «ደንበኛ እንድታባርርልኝ ነው የቀጠርኩህ?» ብሎ ጮኸበት። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ ግን ሄደዋል።

ለምክትሌ፣ «ይህ ሰውዬ ዛሬ ከእኛ በላይ ሠራ» ስለው፣ «እናታችን፣ የሰይጣንን በር የሚጠብቅ ያው የሰይጣን ዘበኛ ነው» አለኝ። አባባሉ ጥሩ ነው። ለንግግሬ ያዝኩት።

እሑድ 9

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ንግግሬን ለባሌ አነበብኩለት። የሚመጣው እሑድ ትልቁ ሰልፍ ነው፤ አደባባዩም ቁማር ቤቱ ፊት ለፊት ነው። መዝጊያው እንዲህ ይላል፦ «ሕግ ያልዘጋውን በር ድምፃችን ይዘጋዋል!»

ባሌ ወደደው። «ድምፅ ጥሩ ነው። አፍም አለበት፣ ምርጫም አለበት።»

«ምክትሌ ግን ‹እጃችን ይዘጋዋል› ይባል ነው የሚለው። ድምፅ አየር ላይ ይበተናል፣ እጅ ግን ይታያል ይላል።»

ባሌ የያዘውን ሰዓት አስቀመጠ። «እጅን ተይው።»

«ለምን?»

«እጅ ሌላም ሥራ ስለሚያውቅ ነዋ።»

እሺ ብዬ «ድምፃችን» ብዬ ተውኩት። ይህ ሰው አንዳንዴ ይፈራል። «ሕዝብ ሲያጨበጭብልሽ ደግሞ አነጋገርሽ ይለወጣል፤ አውቀሽዋል?» አለኝ። እኔ አልታወቀኝም።

ረቡዕ 12

ስብሰባ በስብሰባ። ድምፅ ማጉያ ተገኘ። ፖስተሩ ላይ አርጅቻለሁ። ምክትሌ መኪና ውስጥ፣ ለእሑዱ የማኅበሩ ወጣቶች ተዘጋጅተዋል አለ። ጥሩ አልኩ። ልጄ ጋ አልደወልኩም።

ዓርብ 14

ዳቦ ልገዛ ተሰልፌ፣ ከኋላዬ ያሉ ሁለት ሴቶች ያወራሉ፤ እኔ መሆኔን አላወቁም። «ሴትዮዋ የራሷን ቤት ትታ የሰው ቤት ስትዘጋ ትውላለች።» «ተያት፣ ባሏ ነው አሉ ወጥ የሚሠራው።» ዞሬ፣ «ደግሞም ይጣፍጣል» አልኳቸው። ደነገጡ፤ አንዷ እጄን ይዛ እመርጥሻለሁ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሳወራው ዋልኩ።

ቁማር ቤቱ በር ላይ ሌላ ዘበኛ ቆሟል። የድሮው ምን ሆኖ ይሆን?

እሑድ 16

እግዚአብሔር ይመስገን። ዝናብ ነበር፣ ሰው ግን መጣ። ንግግሬ ሰመረ፤ ሰውም እየዘመረ ነው የተበተነው። ከተበተንን በኋላ ቁማር ቤቱ ላይ ረብሻ ቢጤ ነበር ይላሉ፤ መስታወት ተሰብሯል። እኔ ያኔ ሄጄ ነበር። ድምፄ ተዘግቷል። ልተኛ።

ሰኞ 17

ልጄ ነርስ ናት፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የምትሠራው። ጠዋት ከአዳር ሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ መሄድ ሲገባት እኛ ጋ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ትናንት ምን ብለሽ ነው የተናገርሽው?»

«ምን እላለሁ? ሁልጊዜ የምለውን ነዋ።»

«አንዲት ሴት አምጥተውልን ነበር። ቁማር ቤቱን የምታጸዳ ናት። እሑድ ቀን ዝግ ስለሆነ ወለል ልትወለውል ገብታ፣ ድንጋይ በመስኮት ገብቶ መታት።» በሩን ተደገፈች። «ግራ ዓይኗ የለም።»

ባሌ ውሃ ቀዳላት። ያዘችው እንጂ አልጠጣችውም።

«ቁስሏን ስናጥብ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ውጭ ሰዎች ሲዘምሩ ሰምቼ ልያቸው ብዬ ነው መስኮቱ ጋ የሄድኩት አለችኝ። መዝሙር እወዳለሁ አለችኝ።»

«እግዚአብሔር ይማራት» አልኩ። አሜን ሳትል ብርጭቆውን ለአባቷ መልሳ ወጣች።

ከዚያ ምክትሌ ደወለ። መግለጫ ማውጣት አለብን ይላል፤ ድንጋዩን የወረወሩት ስማችንን ለማጥፋት የተላኩ ናቸው የሚል።

«ማስረጃ አለህ?»

«እናታችን፣ ማስረጃውን ከምርጫው በኋላ እንፈልጋለን።»

«አንዋሽም» አልኩት።

«ውሸት እኮ አይደለም፣ ጥርጣሬ ነው።» ጠበቃ ነውና ቃል አያጣም።

ጸለይኩ። ለሴትዮዋ ጸለይኩ። ለራሴ ምን ብዬ እንደምጸልይ ስላላወቅኩ አሜን ብዬ ተነሳሁ።

ማክሰኞ 18

ሬዲዮ። ጋዜጠኛዋ አላቅማማችም። «እጃችን ይዘጋዋል ብለዋል። ምን ማለትዎ ነው?» አለችኝ። ድምፅ የሚሰጠውን እጅ ማለቴ ነው አልኩ። እውነት ነው፤ ድምፅ የሚሰጠው በእጅ ነው። ድንጋዩን ማን ወረወረው ስትለኝ፣ «ከቤቱ ባለቤት ጋር ጠብ የነበረው ሰው እንዳለ ሰምተናል» አልኩ። ምክትሌ የነገረኝን ነው ያልኩት። ማንንም በስም አልጠራሁም።

ማንንም በስም አልጠራሁም።

ባሌ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ሰምቶኛል። ማታ፣ «ወረቀቱ ላይ እኮ ድምፃችን ነበር የሚለው» አለኝ።

«ንግግር ላይ ቃል ይለዋወጣል» አልኩት።

«ይለዋወጣል» አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

ሐሙስ 20

የሴቶች ጸሎት ላይ አንዷ፣ «ያቺ ሴትስ በሰንበት እዚያ ቤት ምን ልትሠራ ገባች? ቅጣት ነው» አለች። ሌሎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ወለል ልትወለውል ነው የገባችው ልል አፌን ከፈትኩ። መዝሙር ተጀመረ። ዘመርኩ።

ዓርብ 21

ዘበኛውን አስረውታል። የድሮውን።

ምክትሌ በስልክ ነገረኝ፤ ደስ ብሎታል። ፖሊስ ሬዲዮውን ሰምቶ ባለቤቱን ጠየቀው፤ እሱም፣ «አዎ፣ ከዘበኛዬ ጋር ተጣልቼ ከሥራ አባርሬዋለሁ፤ ሲሄድም ፊቱን አጥቁሮ ነው የሄደው» አለ። ከዚያ ሌላ ምን ይፈለጋል?

የተጣሉት በምን እንደሆነ አውቃለሁ። እዚሁ ጽፌዋለሁ። ግን እኔ ምን አውቃለሁ፤ ምናልባት ወርውሮ ይሆናል። የተናደደ ሰው የሚያደርገው አይታወቅም። ፖሊስ ሥራውን ያውቃል።

እናቴ ብትኖር፣ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ትለኝ ነበር።

እሑድ 23

ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበልኝ። በጌታ ቤት ለሰው ሲጨበጨብ አልወድም፤ ዛሬ ግን አላስቆምኩም። ባሌ ራሴን አሞኛል ብሎ ቀርቷል።

ሰባኪያችን አባት የሚሆነኝ ሽማግሌ ነው። ሰው ሲወጣ ጠጋ ብሎ፣ «ያቺን ልጅ ሄደሽ አየሻት?» አለኝ።

«ጊዜ አላገኘሁም አባቴ።»

«ጊዜስ አለሽ» አለና እጄን ጨብጦኝ ሄደ።

ማክሰኞ 25

ሆስፒታል ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ምክትሌ ቢሰማ ፎቶ አንሺ ይልክብኝ ነበር።

ልጄ ኮሪደሩ ላይ አየችኝና ምንም ሳትል ወደ ክፍሉ መራችኝ። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፤ መድኃኒትና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ሴትዮዋ መስኮቱ ጋ ያለው አልጋ ላይ ተቀምጣለች፤ የፊቷ ግማሽ በፋሻ ተሸፍኗል። ካሰብኩት በዕድሜ ታንሳለች።

«አውቅዎታለሁ» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። «ፖስተሩ ላይ አይቼዎታለሁ። እዚያ ላይ ግን ያረጃሉ።»

ልሳቅ ላልቅስ ሳላውቅ ተቀመጥኩ። «እንዴት ነሽ እህቴ?»

«ይመስገን። ማታ ማታ ነው የሚያመኝ። የሌለው ዓይን ነው ደግሞ የሚያመኝ፤ አይገርምዎትም?»

ስለ ልጆቿ ጠየቅኳት፤ ሁለት ናቸው። ምግቡ እንዴት ነው አልኳት። ቀኙ ዓይንሽ ደህና ያያል ወይ አልኳት። ያልጠየቅኳት ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ሰባተኛ አልጋ ተዘርግቶ ነበር።

«እኔም እኮ ያ ቤት እንዲዘጋ እጸልይ ነበር» አለች ራሷ ጀምራ። «ባሌን በቁማር ያሳጣኝ እሱ ነው። ግን ጸሎቴ ላይ ትንሽ እጨምርበታለሁ። ጌታዬ፣ መጀመሪያ ሌላ ሥራ ስጠኝ፣ ከዚያ ዝጋው እለዋለሁ።»

አጠገቧ የተኛችው በሽተኛ ሳቀች። እሷም ልትስቅ ጀምራ ፋሻውን ያዘች። ስትስቅ ያማታል።

ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አለች። «እትዬ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ፖሊሶቹ ይሰሙዎታል። ወንድሜን ያስፈቱልኝ።»

«ወንድምሽ ማነው?»

«ዘበኛው ነዋ! ወርውሮ የመታሽ እሱ ነው ይሉኛል። እሱ እኮ ነው ያሳደገኝ። እናታችን ስትሞት እኔን አዝሎ ነው ጉልበት ሥራ ይውል የነበረው። የዚያን ዕለት ቤት ቁጭ ብሎ ልጆቼን እየጠበቀልኝ ነበር። ልጆቼ ይናገራሉ፤ ግን የሕፃን ምስክርነት አይሆንም አሉኝ።»

እጄን ያዘችው። እጇ ሸካራ ነው፣ በረኪና የበላው።

«እሞክራለሁ» አልኳት።

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። እስከ ደረጃው ሸኘችኝና፣ «ትሞክሪያለሽ?» አለችኝ። ይህችን ብቻ።

ብርቱካን ገዝቼ ይዤላት ሄጄ ነበር። ሳልሰጣት ተመልሼ ይዤው መጥቻለሁ። ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው።

ረቡዕ 26

ምክትሌ ቢሮ ሄድኩ። በሩን ዘጋሁት።

«ማነው የወረወረው?»

«እናታችን፣ ይህን አለማወቅ ነው የሚሻልዎት።»

«ወጣቶቹ ተዘጋጅተዋል ስትለኝ ለምን ነበር የተዘጋጁት?»

አየኝ። «እርስዎስ ያኔ ለምን አልጠየቁኝም?»

ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም። ከምርጫው በኋላ ዘበኛውን እሱ ራሱ በነጻ ቆሞለት ያስፈታዋል፤ ቃሉ ነው። አንድ ሰው ለጥቂት ጊዜ ቢታሰርና ስንት ትምህርት ቤት ቢድን፣ የቱ ያመዝናል? እናም ደግሞ ሬዲዮ ላይ ያልኩትን ልመልስ ማለት ሞት ነው አለኝ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል እናታችን።»

የወለድኩት አንዲት ናት። እሷም ስልክ አታነሳልኝም።

የሚያስጠላኝ ሰውዬው ትክክል መምሰሉ ነው። መዘንኩት። እስካሁን እየመዘንኩት ነው።

ዓርብ 28

ሦስት ቦታ ንግግር። አሁን እኔ እስክጀምር እንኳ አይጠብቁም፤ ሕዝቡ ራሱ «እጃችን ይዘጋዋል!» ይላል። ፈገግ አልኩ። እጄን አውለበለብኩ። ስንመለስ በፖሊስ ጣቢያው በር አለፍን። ሹፌሩን ቁም ልለው ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

እሑድ 30

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ባሌ ሻይ አፍልቶ ፊቴ አስቀመጠና ተቀመጠ። ሰዓት አልያዘም፤ እጁ ባዶ ነው።

«ለእኔ ንገሪኝ» አለ። «ዕድሜ ልክ አብረን ኖረናል፤ ፖሊስ አይደለሁም።»

ነገርኩት። ለዚህ ደብተር እንኳ ያልነገርኩትን ነው የነገርኩት። አሁን ልጻፈው።

ያን ረቡዕ መኪና ውስጥ ምክትሌ ያለው «ወጣቶቹ ተዘጋጅተዋል» ብቻ አይደለም። «ንግግርዎ ሲያልቅ ያ ቤት አንድ መስታወት እንዳይተርፈው ተዘጋጅተዋል» ነው ያለው። እየሳቀ ነው ያለው። እኔም እንደ ቀልድ ልሰማው ፈለግሁ። ግን፣ «እሑድ ቀን ዝግ ነው አይደል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ዝግ ነው፤ ሰው የለበትም» አለኝ። ጥሩ አልኩ። ቀልድ መስሎኝ ቢሆን ኖሮ ሰው መኖር አለመኖሩን ለምን እጠይቃለሁ?

እሑድ ደግሞ ዝናቡ ሲበረታ ሰው መበተን ጀመረ። ከመድረኩ ላይ ሆኜ ጃንጥላዎቹ ጀርባቸውን ሲሰጡኝ አያለሁ። ሃያ ዓመት የለፋሁበት ነገር በአንድ ካፊያ ሊታጠብ ነው። ወረቀቱ ላይ «ድምፃችን» ይላል፤ ፊደሉ እስካሁን ይታየኛል። እኔ «እጃችን ይዘጋዋል!» አልኩ፤ ጣቴንም ወደዚያ ቤት ቀሰርኩ። ጃንጥላዎቹ ተመለሱ። ጩኸቱ ደረቴ ውስጥ ገባ። ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ እግዚአብሔር ያውቃል። ደገምኩት፤ ደግሜም ደገምኩት። ከመድረክ ስወርድ ወጣቶቹ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው ሲያወርዱ አይቻለሁ፤ የከበደ ቦርሳ ነበር። መኪና ውስጥ ገባሁና «እንሂድ» አልኩ።

ሬዲዮ ላይም ስለማን እንደምናገር አውቅ ነበር። ስም አለመጥራቴን የምደጋግመው ለዚህ ነው።

ባሌ እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ሻዩ ቀዝቅዟል።

«ይህን ለፖሊስ ከነገርሽ ወንበሩ ይቀርብሻል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ቁማር ቤቱም አይዘጋም። እንዲያውም ይሳለቁብሻል።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ።»

«ልትታሰሪም ትችያለሽ።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የቀዘቀዘውን ሻይ ጨለጥኩ።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ። «ሱቁ አንድ ቀን ቢዘጋ ሰዓት ቆመብኝ ብሎ የሚሞት የለም።»

ሰኞ 1

መርማሪው ጨዋ ሰው ነው። ፊቴን ከፖስተር አውቆት ወንበር አመጣልኝ። ተናግሬ ስጨርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እናቴ፣ ምርጫው እኮ የፊታችን እሑድ ነው። ከዚያ በኋላ ቢመጡስ?»

«ሰውዬው እስከ እሑድ የት ያድራል?»

«እዚሁ ነዋ።»

«እንግዲያው ጻፍ።»

ጻፈ። የምክትሌን ስም ሰጠሁት። ቃሌን መልሶ ሲያነብልኝ አንድ ቦታ ላይ «ሳላውቅ» ብሎልኛል፤ አዝኖልኝ ነው። አሰረዝኩትና «እያወቅኩ» አስባልኩት። ስፈለግ እንድመጣ ፈርሜ ወጣሁ።

ባሌ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ነበር። ተነስቶ ኮቴን አስተካከለልኝ።

ማክሰኞ 2

ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል ተሰምቷል፤ ስልኩ አያርፍም። ከሃዲ። ስንት በልተሽ ነው። ያቺ ቤት ለቤት ስንዞር አቅፋ የሳመችኝ ሴት ሳትቀር ደውላ አለቀሰችብኝ፤ «ጠላት ሳቀብን፣ እትዬ፣ ጠላት ሳቀብን» አለችኝ። የሰደበኝ ሁሉ እንደሷ አላመመኝም። ማኅበሩ አባርሮኛል። በስልክ ነው የነገሩኝ፤ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ነገሩ አለቀ።

ረቡዕ 3

ዘበኛው ተፈታ። ልጄ ደውላ ነገረችኝ። «ከጣቢያው በቀጥታ ነው የመጣው፤ እህቱ እግር ሥር ቁጭ ብሏል» አለች። ስልኩን ግን አልዘጋችም።

«በልተሻል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። አልበላሁም ነበር።

ምክትሌና ሦስት ወጣቶች ታስረዋል። ከሰዓት በኋላ የአንደኛው እናት ደጄ ላይ ቆማ ጮኸች። «ልጄን የላክሽው አንቺ፣ ያሳሰርሽውም አንቺ!» ጎረቤት ወጥቶ አየ። ሁለቱም እውነት ነው። ግቢ አልኳት፤ አልገባም አለች። ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ። እስክትደክም አለቀሰች።

እሑድ 7

ስሜን ከምርጫው ወረቀት ለማውጣት ጊዜ አልበቃም። ተሰልፌ ድምፅ ሰጠሁ። ሰልፉ ላይ ከፊቴ ያለው ሰው ዞሮ አየኝና መልሶ ዞረ። ለማን እንደሰጠሁ እዚህም አልጽፍም።

ማክሰኞ 9

ተሸነፍኩ። ያሸነፈው ቁማር ቤት ሥራ ይፈጥራል ሲል የከረመው ነጋዴ ነው። ያ ቤትም አዲስ መስታወት አስገብቶ ተከፍቷል፤ በዚያ ሳልፍ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ሲገቡ አየሁ። የሚከለክላቸው የለም።

አሁንም መዘጋት አለበት እላለሁ። እስክሞት እላለሁ። ግን ይህን ከመድረክ ላይ ለመናገር ከእንግዲህ ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ቢገኝም ሰሚ ያሳጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህ ነው ከሁሉ የሚከብደኝ። ለጠላት የሰጠሁት ወንበር ብቻ አይደለም።

ከመርማሪው ስልክ መጣ። ክስ ይኖራል። ጠበቃ ይፈልጉ አለኝ። የማውቀው ጠበቃ እስር ቤት ነው ስለው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ይቅርታ አለኝ።

ቅዳሜ 13

ሴትዮዋ ከሆስፒታል ወጥታለች። ልጄ ቤቷን አሳየችኝና ከመንገዱ ተመለሰች፤ «ይኼን ብቻሽን ነው» አለች።

አንድ ክፍል ቤት ነው። ወንድሟ ሥራ ፍለጋ ወጥቷል፤ ልጆቹ ጓሮ ይጫወታሉ። እሷ በሩ ጋ፣ ብርሃን ባለበት፣ የልጇን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አድርጋ መርፌ ይዛለች። ዓይኗ ላይ ነጭ ጨርቅ አለ። ተቀመጪ አላለችኝም፣ ሂጂም አላለችኝም። ከበሩ ጎን ካለው ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ተናገርኩ። «ያን ቤት ሊመቱት እንደሆነ አውቅ ነበር። ሰው የለም ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሬዲዮ ላይ ወንድምሽን ያስያዝኩትም እኔ ነኝ። አንቺ ያስፈቱልኝ ብለሽ ስትለምኚኝም ይህን አውቄ ነው እሞክራለሁ ያልኩሽ።»

«ሰምቻለሁ» አለች። «ፖሊሶቹ ለወንድሜ ነግረውታል።»

«ይቅር በይኝ።»

ክሩን በምላሷ አርጥባ ወደ መርፌው ሰደደችው፤ በጎን አለፈ። ደገመች፤ በማዶ አለፈ። በአንድ ዓይን ቅርብና ሩቁ ይምታታል፤ ልጄ ነግራኛለች። ሦስተኛው ሲያመልጣት እጇን ጭኗ ላይ ጣለችው።

«እስቲ እርስዎ ያስገቡልኝ» አለችኝ።

ተቀበልኳት። ለካ በጭንቀት ስወጣ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ። መርፌውን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት፣ ራቅ አደረግኩት፣ አቀረብኩት። ክሩ እንደ እሷው በጎን አለፈ።

«እርስዎም አይታይዎትም?»

«አይታየኝም።»

ፊቴን አየች። ከዚያ መርፌውን ከእጄ ወስዳ በሁለት ጣቷ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። እኔ ክሩን ያዝኩ። «ወደ ግራ» አለች። «አይ፣ አለፉት። ቀስ ይበሉ።» በሌላኛው እጇ አንጓዬን ያዘችልኝ። ከብዙ መከራ በኋላ ገባ።

የሸሚዙን ቁልፍ ተከለች። ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው፤ ሸሚዙን አራግፋ አጠፈችው። ከዚያ ሌላ ልብስ ከጎኗ አነሳች፤ እሱም ቁልፍ የለውም። ከሥሩም ሌላ አለ።

መሸት ሲል ተነሳሁ። እስከ በሩ ሸኘችኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችኝም። «ሲመጡ መነጽርዎን ይዘው ይምጡ» አለችኝ።